የሴትዮዋ ግራ ትከሻ

ዘመኑ የሚለጠጥ ነገር ዘመን ነው። ሱሪው ይለጠጣል፣ ሸሚዙ ይለጠጣል፣ ቀጠሮ ይለጠጣል፣ ቃልም ቢጎትቱት እስከ ጉልበት ይደርሳል። የለበሰው ይወፍር ይክሳ፣ ይቁም ይጎንበስ፣ ልብሱ ደንታ የለውም፤ ሁሉንም እኩል አቅፎ ሁሉንም እኩል ያስቀይማል። እኩልነት ማለት ይህ ከሆነ በአፍንጫዬ ይውጣ ያለች አንዲት ሴት ግን በሰፊው መንገድ ዳር፣ በፀጉር አስተካካይና በጫማ ጠጋኝ መሃል በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የማይለጠጥ ቀሚስ ትሰፋለች።

ሰፈሩ «እትዬ ድሮ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ለስድብ ነበር። የምትሰፋው ልብስ እናቶች በወጣትነታቸው ፎቶ ቤት ሄደው፣ ክንዳቸውን አበባ ማስቀመጫ ላይ ጣል አድርገው የተነሱበትን ዓይነት ነው፤ ክብ ኮሌታ፣ በራሱ ጨርቅ የተሸፈነ ቁልፍ፣ ወገቡ ላይ ጠበቅ ብሎ ከዚያ በታች እንደ ዣንጥላ የሚከፈት ሽንሽን። ለቢሮ የሚሆን ትሰፋለች፣ ለገበያ የሚሆን ትሰፋለች፣ ለምርቃትና ለሰርግም ትሰፋለች። ሁሉም ሁለት ሁለት ኪስ አላቸው። «ኪስ የሌላት ሴት እጇን የምታስገባው የባሏ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ባዶ ነው» ትላለች።

ለብዙ ዓመት ሲስቁባት ኖሩ። ኋላ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነፋስ ነፈሰና፣ በመስኮቷ አጮልቀው ሲንከተከቱ የነበሩት ወጣቶች ስልካቸውን ደግነው ገቡ። «ቪንቴጅ እኮ ነው!» አሉ። ያፈሩበት ነገር በባዕድ ቃል ሲጠራ ወዲያው ክብር አገኘ። እሷ አልደነቃትም። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ለሳበች ለእያንዳንዷ ቆንጆ አንድ ቃል ብቻ ትናገራለች፤

«ልቀቂው። ቀሚሱን የምትለብሺው እየተነፈስሽ ነው።»

በክፍሉ ጥግ ሴትዮዋ ቆማለች። ራስ የላትም፣ እጅ የላትም፣ እግሯ አንድ የብረት ዘንግ ነው። በሌላ ልብስ ሰፊ ቤት ብትሆን «አሻንጉሊት» ተብላ በቀረች፤ እዚህ ግን «ሴትዮዋ» ናት። የተቆረጠ ጨርቅ በስፒል የሚያያዘው፣ የሚሞከረው፣ የሚቃናው እሷ ላይ ነው። አንድ ጉድለት አለባት፤ ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ይላል። ለዓይን ብዙ አይደለም፣ ለልብስ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ እትዬ ድሮ ጠዋት ስትከፍት የመጀመሪያ ሥራዋ በሴትዮዋ ግራ ትከሻ ላይ ቁራጭ ስፖንጅ በስፒል መሰካት ነው። ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ይሆናሉ፤ የሰው ልብስ ቀጥ ብሎ ይሰፋል። ስትዘጋ ትነቅልላታለች።

«እሷም ትረፍ እንጂ» ትላለች።

ጎረቤቷን ፀጉር አስተካካዩን ይህ ነገር ያበግነዋል። ደንበኛ ባጣ ቁጥር በሯ ላይ ተደግፎ ምክር ይለግሳል። ደንበኛ የሚያጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው።

«አንቺ ሴት፣ ስፖንጁን አንድ ጊዜ በሙጫ ለጥፈሽው ለምን አትገላገይም? ዕድሜሽ በመሰካትና በመንቀል አለቀ እኮ!»

«ያንተ ደንበኞች ፀጉርስ ሁልጊዜ ይበቅል የለ? አንዴ ከሥሩ ነቅለህ ለምን አትገላገልም?»

«እንዲያ ካደረግኩማ ምን እበላለሁ?»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ሴትዮዋ የተገዛች አይደለችም። እትዬ ድሮና ታላቅ እህቷ ይህችን ሱቅ በጋራ ሲከፍቱ፣ ከውጭ የመጣ አሻንጉሊት የሚገዙበት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ታላቅየዋ አሮጌ ካናቴራ ለብሳ መሃል ክፍል ቆመች። ታናሽየዋ የጋዜጣ ቁራጭ በዱቄት ሙጫ እየነከረች ከአንገቷ እስከ ዳሌዋ ለበጠቻት። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ በትልልቅ ርዕሶች የታጨቀ ነበርና፣ ታላቅየዋ ደረቷ ላይ «ታላቅ እመርታ»፣ መቀመጫዋ ላይ «የሚኒስትሩ ሙሉ ንግግር» ተለጥፎባት ቆመች። በሳቅ ስትንፈቀፈቅ ወረቀቱ ተሰነጠቀ፤ እንደገና ተለጠፈ።

«ኧረ ሽንቴ መጣ!»

«ቻይው! ሊደርቅ ነው!»

«ሚኒስትሩ ላይ ቢፈስ እኔ የለሁበትም!»

ሲደርቅ ከጀርባዋ በመቀስ ተሰንጥቆ ወለቀ፤ ተሰፋ፣ ጥጥና ሰጋቱራ ተጠቀጠቀበት፣ አቡጀዲ ለበሰ። ያ አካል ሁሉ ወጣ። ከእናቷ ሆድ ይዛው የመጣችው ዝቅ ያለ ግራ ትከሻም አብሮ ወጣ።

ታላቅየዋ ሴት ልጅ ወለደች። ልጇ ገና ዳዴ ሳትል እናትየዋ በአጭር ሕመም ሞተች። አባትየው «ሥራ አገኘሁ» ብሎ ሩቅ ሄደ፤ ሥራው እስከ ዛሬ አላለቀለትም። ሕፃኗ ለአክስቷ ቀረች። ክር ስትጎትት፣ ክር ስታላምጥ፣ ከስፌት መኪናው ፔዳል ሥር ክር ስትለቅም አደገችና ስሟ «ክርዬ» ሆኖ ቀረ። አክስቷን «እቴቴ» ትላታለች።

ስለ እናቷ ያልተነገራት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ፎቶዋን ታውቃለች፤ ሳቋ ጎረቤት ይቀሰቅስ እንደነበር ታውቃለች። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ብቻ አታውቅም። ልጅ ሆና ሴትዮዋን ትፈራት ነበር፤ ራስ የላትማ። «መጣች!» እያለች አንሶላ ውስጥ ትሸጎጥ ነበር። በፍርሃት ለምትንቀጠቀጥ ሕፃን «አትፍሪ፣ ያቺ ራስ የሌላት እናትሽ ናት» የሚል አንጀት ማን አለው? ስታድግ እነግራታለሁ አለች እትዬ ድሮ። ክርዬ አደገች፤ ፍርሃቱ ወደ ንቀት ተለወጠና ሴትዮዋ አንገት ላይ ቦርሳዋን ታንጠለጥል፣ ማስቲካዋን ጀርባዋ ላይ ትለጥፍ ጀመር። ማስቲካ ለምትለጥፍ ኮረዳም ማን ይነግራል? እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው አመለጣት።

በአፏ ያልነገረቻትን ግን በእጇ ስታደርገው ኖራለች። ክርዬ ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ፣ ስፖንጁ ተሰክቶ በሰው ሁሉ ልክ የተሰፋው የደንብ ልብሷ ግራ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ተንጠለጠለ። እትዬ ድሮ ተንበርክካ ትከሻዋን በመዳፏ ለካችና ለጥቂት ጊዜ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክርዬን ልብስ ስትሰፋ ስፖንጁን ትነቅላለች። ለልጅቱ የሚሆነው የእናቷ ትከሻ እንዳለ ነው። ክርዬም ኮቷ፣ ሸሚዟ፣ ቀሚሷ ሁሉ ልክክ እያለላት አደገች። ከገበያ የምትገዛው ካናቴራ እንደሆነ ይለጠጣል፤ የሚለጠጥ ነገር ምንም አይናገርም። ቦርሳዋን ለምን ሁልጊዜ በቀኝ እንደምትይዝ አስባበት አታውቅም።

አሁን ክርዬ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ነጭ ጋዋን የምትለብስ ሴት ናት፤ የጋዋኑም ሰፊ የታወቀች ናት። እጮኛዋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለመሳቅ እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ ዓይነት ጨዋ። ሰርጉ ሲቆረጥ እትዬ ድሮ ከሣጥኗ ሥር በወረቀት ጠቅልላ ያኖረችውን ወተት የመሰለ ክሬፕ ጨርቅ አወጣች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክርዬ በሰርጓ ቀን እናቷ አካል ላይ የተቆረጠ ቀሚስ ለብሳ እንድትወጣ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ልጅቱ አይታ እስክትጠይቅ ጠበቀች። መለመን አልፈጠረባትም።

ክርዬ ገባች፤ ቦርሳዋን ሴትዮዋ አንገት ላይ ሰቀለች፤ ክሬፑ ላይ የቤት ቁልፏን ጣለችበት።

«እቴቴ፣ ቬሎ ልከራይ ነው። እዚህ ማዶ ካለው ቤት።»

የእትዬ ድሮ ስፌት መኪና ቆመ።

«እንደፈቀድሽ።»

«ተቀየምሽ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!»

«‹እንደፈቀድሽ› ስትዪ ተቀይመሻል ማለት ነው።»

«እሺ፣ እንደወደድሽ።»

«ይኸው፣ ይባስ ብሎ መጣ!» ክርዬ ሳቀች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በየቀኑ የምለብሰው ያንቺን አይደል? አንድ ቀን እንደሌላው ሰው ልሁን። ማንም ‹ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው› ሳይለኝ።»

«ቁልፍሽን ከጨርቄ ላይ አንሺ» አለቻት እትዬ ድሮ።

በማግሥቱ ሱቋን ስትከፍት፣ ስንት ዓመት ሳትረሳው የኖረችውን ነገር ረሳች። ስፖንጁ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ቀረ። የአንዲት መምህርት ነጠብጣብ ቀሚስ በተጣመመው ትከሻ ላይ ቆርጣ፣ በተጣመመው ትከሻ ላይ ሰፍታ፣ ተኩሳ ሰጠች። መምህርቷ፣ ሃያ ዓመት ጠመኔ የጨበጠች ሴት፣ ሳምንት ሳይሞላት ተመልሳ መጣች።

«እትዬ፣ ግራ እጄን ሳነሳ ትከሻዬን ጨምድዶ አየር ላይ ይይዘኛል! ልጆቹ ‹ቲቸር ሰላምታ እየሰጡን ነው?› ይሉኛል።»

እትዬ ድሮ ትከሻውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ምን እንደረሳች አወቀች፤ ለምን እንደረሳችም አወቀች። ስታስብ የዋለችው ሌላ ትከሻ ነበር።

«ተዪልኝ፣ አስተካክለዋለሁ።»

መምህርቷን ሸኝታ በሩን ገጠም አደረገችና ክሬፑን ዘረጋች። ባይለበስም እሰፋዋለሁ አለች። ሲሶው ቁጣ ነው፣ የቀረው ናፍቆት። እህቷ ለራሷ ልትሰፋው ስታስብ በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ስትሞነጫጭረው የነበረውን ቀሚስ ታስታውሰዋለች፤ ክብ ኮሌታ፣ እስከ ክርን የሚደርስ እጅጌ፣ ከአንገት እስከ ወገብ ጥቃቅን የተሸፈኑ ቁልፎች፣ ሰፊ ጉርድ። ኪሶቹን በሽንሽኑ ውስጥ ደበቀቻቸው። ስፖንጁን መሳቢያ ውስጥ ዘጋችበት። የመምህርቷም ነጠብጣብ፣ የሌላውም ሰው ልብስ ወረፋ ያዘ።

ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን አስገባ። «ዛሬስ ስፖንጁን ማን በላው?»

«አይጥ።»

«ይህ የሚያብለጨልጨው የማን ነው?»

«የአንዲት ደንበኛ።»

«ደንበኛዋ ልክ እንደሴትዮዋ ጎባጣ ናት?»

መቀሷን አነሳች። እሱም ደንበኛ ባይኖረውም ወደ ሥራው ሄደ።

ቀሚሱ ሊያልቅ ጠርዙና ቁልፎቹ ሲቀሩት ክርዬ መጣች። ደግነቱ ቀሚሱ አንሶላ ለብሶ ነበር።

«እቴቴ፣ ነገ ቬሎውን ልሞክር ነው። ነይ አብረን እንሂድ።»

«እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«ሰው ሲሞክር የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው የለኝም።»

ይህን ብላት ሄደች፤ እትዬ ድሮም በማግሥቱ ሱቋን ዘግታ ተከተለቻት።

የቬሎ ቤቱ የክብር ነገር ሁሉ የተሰበሰበበት ነው። ወንበሩ ወርቃማ ነው፤ ሲቀመጡበት ወርቁ ቀሚስ ላይ ይቀራል። መስተዋቱ ሰው ያቀጥናል። ግድግዳው ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ አቧራ ጠግቦ አብቧል። ስንቷ ሙሽራ አልቅሳበት፣ ስንቷ ጨፍራበት፣ ስንት ሰው ወጥ አፍስሶበት የተመለሰ ልብስ በላስቲክ ተጠቅልሎ «አዲስ» ተብሎ ተሰቅሏል። ባለቤቷ ጥፍሯን እያየች ታወራለች።

«የኔ ቆንጆ፣ ይህ ዘንድሮ የገባ ሞዴል ነው። እናት፣ ቁጭ በይ። ምን ትሠሪያለሽ?»

«እሰፋለሁ» አለች እትዬ ድሮ።

«ውይ! አሁንም የሚሰፋ አለ?»

ክርዬ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። ቬሎው ደረት ላይ ያብለጨልጫል፤ እግር ሥር እንደ አረፋ ይንሳፈፋል። ቆንጆ ነበር፤ ለመዋሸት ካልሆነ በቀር ቆንጆ ነበር። አንድ እርምጃ ስትራመድ ግን ግራው ማንገቻ ተንሸራቶ ክንዷ ላይ ወደቀ። መለሰችው። ወደቀ። ባለቤቷ መጥታ በስፒል ያዘችው፤ ደረቱ ተንጋደደ። ስፒሉን ቀየረች፤ ጀርባው ተሸበሸበ። ሌላ ቬሎ መጣ፤ እሱም ወደቀ። ሦስተኛውም ከሁለቱ አልተሻለም።

«አሃ!» አለች ባለቤቷ፣ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው። «ልብሱ ምንም የለበትም። ትከሻሽ ነው። ግራው ወድቋል፣ አየሽ? ተበላሽቷል። ስፖንጅ እንጠቀጥቅበታለን፤ ፎቶ ላይ አይታወቅም።»

ክርዬ መስተዋቱን አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ትከሻ ነው፤ አሁን ግን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ይመስላል። ቀስ ብላ በመስተዋቱ ውስጥ የአክስቷን ዓይን ፈለገች።

«እቴቴ፣ ተጣምሜያለሁ እንዴ?»

እትዬ ድሮ ተነሳች። ወርቁ መቀመጫዋ ላይ ነበር።

«የተጣመመው ልብሱ ነው። አውልቂው።»

«እናት፣ ልብሱ እኮ ከውጭ...»

«እንግዲያው ወደ ውጭ መልሽው። ልጄ ተበላሸች የሚል ሰው መጀመሪያ ወንበሩን ይቀባ።»

መንገዱን ተሻግረው ሱቁ ውስጥ ሲገቡ፣ በሩ እንደተዘጋ ክርዬ ፈነዳች።

«ታውቂ ነበር! ዕድሜዬን ሁሉ ስትለኪኝ ኖረሽ፣ አንድ ቀን አልነገርሽኝም! እዚያች ሴት ፊት ነው የምሰማው?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ታዲያ?»

ስንት ዓመት የተጠቀለለ ነገር ጫፉ አይገኝም። ለሰርጓ የሙት አካል ላልብሳት ነው እንዴ ብላም እትዬ ድሮ ፈራች። ስለዚህ በቃል ሳይሆን በምታውቀው መንገድ ጀመረች፤ ሄዳ አንሶላውን ገፈፈችው።

ቀሚሱ በመስኮቱ ብርሃን ቆመ። የክርዬ ዓይን በኮሌታው ወርዶ ትከሻው ላይ አረፈ። ስፖንጅ የለም። ግራው ዝቅ ብሎ፣ ክሬፑ ያለ አንዲት እጥፋት ተኝቶበታል።

«ስፖንጁን ነቅለሽ የምትሰፊው... የኔን ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ ሆኜ አይ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን...»

«ከዚህ ቀሚስ ሥር ያለው ወረቀት የተለጠፈው እናትሽ ላይ ነው። እዚህ፣ አሁን አንቺ የቆምሽበት ላይ ቆማ። ‹ሽንቴ መጣ› እያለች። የወረስኩት የሷን ትከሻ ነው በዪ። የተበላሸ ነገር የለብሽም።»

ክርዬ ቀሚሱን ወደለበሰችው በጣቷ ጠቆመች።

«ሴትዮዋ?»

«ሴትዮዋ።»

«ማስቲካ ለጥፌባታለሁ እኮ!»

«እኔ በነዳጅ ሳነሳው ኖሬያለሁ።»

«በእርግጫም መትቻት አውቃለሁ።»

«እሷም ነገረኛ ነበረች፤ እግር ቢኖራት ትመልስልሽ ነበር።»

ክርዬ ሳቅ ሊመጣት ሲል ሌላ ነገር ቀደመው። ተጠግታ መዳፏን ዝቅ ባለው ትከሻ ላይ አኖረች፤ ሌላውን እጇን አሻግራ የራሷን ግራ ትከሻ ያዘች። እንዲያ ቆመች። እትዬ ድሮ ዞር ብላ የሌለ ክር ከጠረጴዛው ላይ ትለቅም ጀመር። ቀሚሱን ልበሺ አላለቻትም። ይህንንስ እንኳ አትለምንም።

«እቴቴ።»

«ወይ።»

«ይህ የማን ነው?»

«የአንዲት ደንበኛ።»

«ደንበኛሽ ልትሞክረው ትችላለች?»

ትከሻው እንደ ውኃ ወረደ፤ የትም አልተንጠለጠለም፣ የትም አልያዘም። ኮሌታው አንገቷን ክብ አድርጎ አቀፈ። እትዬ ድሮ ቁልፎቹ የሚሰፉበትን ከላይ ጀምራ በስፒል ገጠመች፤ ሆድ ላይ ስትደርስ አልገናኝ አላት።

«ትንፋሽሽን አትሳቢ!»

«አልሳብኩም!»

«እናትሽ ከዚህ ትቀጥን ነበር።»

«እናቴን ያሳደጋት ሌላ ሰው ነዋ! ‹ብዪ፣ ጨምሪ› የሚል አክስት መቼ ነበራት?»

«እሺ፣ ይለቀቃል። ጨርቅ ትቼበታለሁ።»

«እጅጌውንም አሳጥሪው። ሙቀት ነው።»

«አይሆንም።»

«ኮሌታውስ?»

«ኮሌታው ላይ ከመጣሽ ተነስተሽ ባለ ወርቅ ወንበሯ ጋ ሂጂ።»

በክርክሩ ክርዬ እጅጌውን አሸነፈች፤ ኮሌታው ግን ነፍሱን አተረፈ። እጇን ኪሱ ውስጥ ስትከት እትዬ ድሮ በስፒል የተሞላ አፏን ይዛ መሬት ላይ ተንበርክካ ነበር፤ ጠርዙን ለመለካት። ቶሎ አልተነሳችም።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ክራባት አስሮ መንገድ ላይ ይንጎራደዳል። እትዬ ድሮ ሱቋን ልትዘጋ ቁልፍ ስታወጣ መምህርቷ እያለከለከች ደረሰች።

«እትዬ፣ ስድስት ቀን አለፈ እኮ! ያቺ ነጠብጣብ ቀሚሴ ዛሬ አትደርስም?»

በመስኮቱ ሴትዮዋ ትታያለች። ስፖንጅ አልተሰካባትም። ግራ ትከሻዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ብሎ፣ አንገቷ ላይ ክርዬ ስትወጣ ያሰረችላት ከክሬፑ የተረፈ ሪባን አለ።

«ነገ ነይ» አለቻት እትዬ ድሮ በሩን እየቆለፈች። «ሴትዮዋ ዛሬ ሥራ አትገባም። ልጅ እየዳረች ነው።»